የዘበኛው ሁለት ስም

«የመጣሁት ለስሙ ብቻ ነው» አለ አስተርጓሚው።

የብርጓል ወንፊቱን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። ጥቅምት ሃያ ስድስት፣ ቅዳሜ ጧት ነው፤ ውጭ ሣሩ ላይ ያለው ውርጭ ገና አልረገፈም። የባሏ የደምለው አርባ ነገ እሑድ ስለሚውል ቤቱ ውስጥ እግር ማሳረፊያ አልነበረም፤ መደቡ ላይ ዱቄት በቁና በቁና ተሰፍሮ ተቀምጧል፣ ከምሰሶው ሥር ሦስት የጠላ ጋን ተደርድሯል፣ በጓዳው በኩል የሽንኩርት ሽታ ዓይን ያቃጥላል። አስተርጓሚው ፍሥሐ ይባላል። ጣሊያኖቹ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ አብሯቸው ከአስመራ የመጣ፣ ካፖርቱ ከትከሻው የሰፋ ጎልማሳ ነው። ጋኑን እንዳይነካ ክንዱን ሰብስቦ ደፉ ላይ ቆመ እንጂ ግባ ቢሉትም አልገባም። የጣሊያኑ ሹም ለሟቹ የመታሰቢያ ሰሌዳ እንዲሠራ አዘዋል፤ ሰሌዳው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ሕዝብ በተሰበሰበበት ገበያው በር ላይ ይሰቀላል፤ የጎደለው ስሙ ነው፤ በመዝገብ ላይ «ዘበኛ ቁጥር ዘጠኝ» ከሚል በቀር ሌላ አልተገኘም። ይህን ሁሉ የተናገረው አንገቱን ወደ መሬት ደፍቶ ነው።

«ሰሌዳው ምን ይላል?» አለችው የብርጓል።

«‹የገበያ ዘበኛ እገሌ፣ በሥራው ላይ ሳለ በሽፍታ እጅ የወደቀ፣ የመንግሥት ታማኝ› ይላል።»

«ሽፍታ አይደለም የገደለው።»

«አውቃለሁ፣ እሜቴ» አለ ፍሥሐ፤ «እኔ የመጣሁት ለስሙ ብቻ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ አገር ሁሉ ያየውን እኔ የምሸሽግበት ምክንያት የለኝም። በመስቀል ማግሥት፣ በረቡዕ ገበያ፣ ከቁይ የመጣ አንድ ገበሬ ሙክት ይዞ በግ ተራ ቆሟል። ለጣሊያን ያደረ አንድ ባንዳ ወታደር መጣና የሙክቱን ገመድ ከገበሬው እጅ ወስዶ መንገድ ጀመረ፤ ዋጋ አልጠየቀ፣ ዋጋ አልሰጠ። ገበሬው ባዶ እጁን እያየ ቀረ። ደምለው ይህን ከእህል ተራ ሆኖ አየ። ዐሥራ አራት ዓመት የዚያ ገበያ ዘበኛ ነበር፤ መጀመሪያ በአገሩ ገዥ፣ ኋላ ደግሞ በጣሊያን። ባንዲራው ሲቀየር ለምን ሥራህን አልተውክም ላሉት ሁሉ «ሌባ በየትኛውም መንግሥት ሌባ ነው፤ የሚሰረቀውም ያው ድሃ ነው» ይላቸዋል። ይህን ሲናገር ትልቅ ነገር የተናገረ ስለሚመስለው ሚስቱ ትበሳጭበት ነበር። እንግዲህ ሄደና ገመዱን ያዘ። «ዋጋውን ስጠውና ውሰድ» አለው። ወታደሩ ሳቀ። ደምለው ገመዱን አልለቅም አለ። ወታደሩ ጠመንጃውን አዞረና በሰደፉ ጆሮ ግንዱን አለው፤ ደምለውም ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። በግ ተራ ላይ በዚያች ሰዓት ከሁለት መቶ ሰው የማያንስ ነበር። በማግሥቱ ሲቀበር ነጋሪት ተመታና «ዘበኛውን የገደለው ሽፍታ ነው» ተብሎ ታወጀ። በሦስተኛው ቀን የጣሊያኑ ቢሮ ሰው ልኮ የሟቹን የካኪ ኮትና ጫማ አስመለሰ። ወታደሩ ዛሬም እዚያው ገበያ ላይ ይዞራል። ሙክቱ ተበልቷል።

ከአዋጁ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሰላምታ አጥሯል። ጣሊያን ሽፍታ የሚላቸው ጫካ የገቡት አርበኞች የዚህ ሰው ወንድም፣ የዚያች ሴት ባል ናቸው፤ እነሱ ገደሉት የተባለ ሰው አገሩን የሸጠ ቢሆን ነው እንጂ በከንቱ አይገድሉትም። የብርጓል፣ ሰው እንዲህ እንደሚያስብ ለራሷ ነግራ ጨርሳለች፤ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትገዛ የሚዞርባትን ጀርባ ሁሉ ትርጉሙ ይኸው ነው ብላ ቆጥራዋለች። አሁን ደግሞ ደምለው የሚል ስም ከነሽፍታው ገበያ በር ላይ ቢሰቀል፣ ነገ ተዝካሩን ማን መጥቶ ይበላል? ሰው ያልበላው ተዝካር ለነፍስ ምን ይጠቅማል? ጠላውን ጋኑ ይጠጣዋል? አሳቡ በልቧ ሳይረጋ ምላሷ ቀደመ።

«ወልደ ሩፋኤል ነው ስሙ» አለች።

ፍሥሐ ከኪሱ ቁራጭ ወረቀት አውጥቶ ጻፈና እግዜር ያጽናሽ ብሎ ሄደ። እሷም አልዋሸችም። ወልደ ሩፋኤል የደምለው የክርስትና ስሙ ነው። ግን የክርስትና ስም ከወላጅ፣ ከእህት ወንድም፣ ከንስሐ አባትና ከሚስት በቀር ማንም አያውቀውም፤ ምቀኛ ሰምቶ መድኃኒት እንዳይሠራበት እያሉ ሰዎች እንደ ወርቅ ይደብቁታል። ሰሌዳው ላይ ወልደ ሩፋኤል የሚል ያነበበ የማርቆስ ሰው «ማን ይሆን ደግሞ ይኼ?» ብሎ ያልፋል። ውሸቱ የማንም ሳይሆን ይቀራል። የብርጓል በአርባ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብልኅ ሥራ የሠራች መሰላትና ወንፊቱን በደስታ ነቀነቀችው።

ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ትከትፍ የነበረችው ዘሪቱ ናት፤ የደምለው ታላቅ እህት። ለተዝካሩ ብላ ከደምበጫ በእግሯ መጥታ እዚያው ሰንብታለች። አስተርጓሚው ስሙን ሲጠይቅ የቢላዋዋ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ የብርጓል ስትመልስ ድምፁ ቆመ። ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና ቀጠለ፤ አሁን ግን ቀስ እያለ፣ አንድ አንድ ጊዜ። የብርጓል ምን ሆኑ ብላ ልትጠይቅ ፈልጋ አልደፈረችም። የዘሪቱ ዝምታ ከሌላ ሰው ስድብ ይከብዳል፤ ወንድሟን ከቀበሩ ወዲህ ደግሞ ከማዘዝና ከመጠየቅ ያለፈ ብዙ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። ሁለቱም የሚወዱት ሰው አንድ ነበር፤ እሱ ሲሄድ የሚነጋገሩበትም አብሮ ሄደ። የብርጓል ነጠላዋን አንሥታ «ዋንጫ ልዋስ ልሂድ፣ እቴቴ፤ ሰውም ልጥራ» አለች። ወጣችም።

የጨው ነጋዴዋ የአመተ ሥላሴ ቤት ከየብርጓል ቤት ሦስተኛው ነው። አመተ ሥላሴ በገበያ ቀን የምትቀመጠው ከበግ ተራ ፊት ለፊት ነው፤ ሊሬ ተቀብላ ጨው ስትሸጥ ፊቷን ታጨማድዳለች፣ ጠገራ ብር ያለው ሲመጣ ደግሞ ቆማ ትቀበላለች። ያን ጧት ገበያ ልትወጣ አሞሌዋን በአቁማዳ ስትከት አገኘቻት። ስለ ብርዱ አወሩ፤ ዘንድሮ ውርጩ ባቄላውን እንደፈጀው አወሩ፤ አንድ ቁና ጤፍ ባለፈው ሳምንት በስንት እንደተሸጠ፣ ሻጩ ሊሬ አልቀበልም ብሎ ከባንዳ ጋር እንዴት እንደተጨቃጨቀ አመተ ሥላሴ አወጋቻት። ዋንጫውን እሰጥሻለሁ አለች፤ ዐሥር አለኝ፣ አንዱ ብቻ አፉ ተሸርፏል። የብርጓል «ነገ እንግዲህ እንዳትቀሪብኝ» ስትላት ግን አመተ ሥላሴ አቁማዳውን ማሰር ጀመረች፤ የታሰረውን ፈታች፤ እንደገና አሰረች።

«ጉልበቴን እኮ እያመመኝ ነው» አለች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት «ያን ቀንም ገበያ አልወጣሁም ነበር፤ ተኝቼ ነበር» አለች። «ምን እናርግ፣ የብርጓል። ዝም አይነቅዝም።»

የብርጓል ያን ረቡዕ ጧት ጨው የገዛችው ከራሷ ከአመተ ሥላሴ ነበር። ይህ ትዝ እያላት ዋንጫም ሳትወስድ ወጣች። የሸማኔው ሚስት ማሬ ቤት ውስጥ ልጅ እየተቆጣች ሳለ ድምፅ ስትሰማ ጸጥ አለችና በሩን ሳትከፍት ቀረች። አናጢው ነገ ወደ ደጀን መንገድ እንዳለበት ነገራት፤ በእሑድ፣ ያውም በመድኃኔ ዓለም ቀን መንገድ የሚጀምር ክርስቲያን አይታ ባታውቅም እግዜር በሰላም ያግባህ አለችው። ሌላዋ ጎረቤት ደግሞ ሳትጠየቅ ያን ቀን ወንዝ ወርጄ ልብስ ሳጥብ ነበር አለች። አራት ቤት አንኳኩታ አንድ ሰው እሽ አላላትም። ከዚያ በኋላ ማንኳኳቱን ተወችው። ሰውነቷ ደክሟል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ፊቷን ለሰው ፊት አመቻችታ መሸከሙ ነው ያደከማት።

ቤተ ክርስቲያን የሄደችው ለነገው ፍትሐት ጧፍና እጣን ልታስረክብ ነው። መሪጌታ አካለ ወልድ ከዕቃ ቤቱ በረንዳ ላይ ፀሐይ ወደሚሞቅበት በኩል ተቀምጠዋል። በከተማው ከእሳቸው የበለጠ እጁ የሚያምር ጸሐፊ ስለሌለ ዳዊትም ይጽፋሉ፣ የሙታንን የክርስትና ስም በደብሩ መዝገብ ያሰፍራሉ፣ ቄስም ስለሆኑ የደምለውን ቤት የንስሐ አባትነት ደርበውታል። ፊት ለፊታቸው የተላገ የጽድ ሳንቃ ተጋድሟል። በላይ በኩል የጣሊያንኛው ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ በመሪጌታ ፊደል፣ በጥቁርና በቀይ፣ «የገበያ ዘበኛ» ይልና ባዶ ቦታ ይከተላል፤ ከባዶው ቦታ በኋላ ሽፍታውም መንግሥቱም ታማኙም በየተራቸው ተጽፈዋል። ሰውየው ሥራቸውን አሳምረው ነበር፤ ቀዩ ቀለም ሽፍታ የሚለው ላይ እንኳ አልዝረከረከባቸውም።

«ነይ፣ የብርጓል» አሉ፤ ከመጽሐፋቸው ውስጥ ያችን ቁራጭ ወረቀት አወጡ። «ይህን ስም ለአስተርጓሚው የሰጠሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

«እንዴት አድርገሽ ነው ያወጣሽው?»

«ደምለው ብዬ ብሰጥ ነገ ተዝካሩን ማን ይበላልኛል? ይህን ስም ግን ሰው አያውቀውም። ሰሌዳው የማንም ሆኖ ይቅር ብዬ ነው።»

መሪጌታ ወረቀቷን አገላበጡ። ቁጣ ስትጠብቅ ድምፃቸው የደከመ ሰው ድምፅ ሆኖ መጣ። «ሰው አያውቀውም፤ ልክ ነሽ። ነገ ጧት በፍትሐቱ ላይ የምጠራው ግን ይህንኑ ነው። ‹የወልደ ሩፋኤልን ነፍስ ማር› እላለሁ እንጂ የደምለውን ነፍስ አልልም። እግዜር የሚያውቀው በዚህ ነው። ዛሬ በዚህ እጄ ውሸት አስሬበት፣ ነገ ደግሞ በዚሁ ስም ማርልኝ ልበል? የላይኛውስ የትኛውን ይስማኝ?»

የብርጓል እንዲህ አድርጋ አላሰበችውም ነበር። እጇ ላይ ያለው ጧፍ ከሙቀቷ ለስልሶ ጎበጠ። የምድሩን ስም ለማዳን ብላ የሰማዩን አሳልፋ ሰጠች፤ ያውም ባሏ በሕይወቱ ለማንም ያልነገረውን። ዘሪቱ ቢላዋዋን ለምን እንዳቆመች አሁን ገባት፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኼ ነው። አፈረች፤ ከማፈሯም ብዛት ተቆጣች፤ የምትቆጣውም ከፊቷ ባገኘችው ሰው ላይ ሆነ።

«ታዲያ እርስዎ ለምን ጻፉት? ሽፍታ የሚለውን ለምን በእጅዎ ጻፉት?»

«ፈራሁ» አሉ መሪጌታ።

 ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ወዳረፉት እርግቦች አዞሩ። «ያን ረቡዕ ለብራና የሚሆን ቆዳ ልፈልግ በግ ተራ ነበርኩ» አሉ። «ከደምለው እስከ እኔ ከዚህ እስከዚያ ደጀ ሰላም አይርቅም። ሰደፉ ሲያርፍበት ድምፁን ሰምቻለሁ። አየሁና ዝም አልኩ። አርባ ቀን ሙሉ መቅደስ እየገባሁ ዝም ብያለሁ። ቤትሽ ያልመጣሁት እኮ ዓይንሽን ፈርቼ ነው፣ ልጄ። የተውኩልሽ ቦታ ይኸው፤ የምትይኝን ስም እጽፋለሁ።»

የብርጓል ተነሥታ ወጣችና ከደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ለገበያ የሚወጣ ሰው በፊቷ ያልፋል፤ የጌሾ ሸክም፣ የእንጨት ሸክም፣ ዶሮ ቁልቁል አንጠልጥሎ የሚሮጥ። አመተ ሥላሴ ተኝቼ ነበር ያለቻት ሳትጠየቅ ነው። ጎረቤቷም ወንዝ ወርጄ ነበር ያለቻት ሳትጠየቅ ነው። ሰው ለናቀው ሰው እንዲህ አይምልም፤ የናቀ ሰው ዝም ብሎ ያልፋል። አርባ ቀን ሙሉ ጀርባ ያዞሩባት ደምለውን ከሃዲ ነው ብለው አልነበረም። ሁሉም አይተዋል፤ ሁሉም ገመዱን ብቻውን ይዞ ሲቆም ትተውታል፤ አሁን የሚያፍሩት ከሷ ነው። ይህን ስታውቅ ደስ አላላትም። እንዲያውም ጠላቻቸው፤ ንቀው ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር። ሁለት መቶ ሰው አንድ ገመድ መያዝ አቅቶት! አልቅሰው ጨርሰዋል ያለቻቸው ዓይኖቿ እንደገና ሞሉ። ካለቀሰች በኋላ ነጠላዋን አስተካክላ ተመለሰች።

«ደምለው ብለው ይጻፉ» አለች።

«ተዝካሩስ?»

«ደምለውን ሰው ያውቀዋል። የተዋሸበትንም የሚያውቅ ሁለት መቶ ሰው አለ፤ አንድ ቀን አንዱ አፉን ይከፍት ይሆናል። ወልደ ሩፋኤልን ግን ከእግዜር በቀር የሚያውቀው የለም። እሱ ላይ ከዋሹበት ማን ይመሰክርለታል?»

መሪጌታ ወረቀቷን መለሱላትና ብዕራቸውን ነከሩ። አራት ፊደል ናት፤ ከመቼው አለቀች። የብርጓል ቆማ ስትደርቅ አየቻት፤ ደምለው ከሽፍታው ጎን፣ ከታማኙ ጎን ሆነ። ጧፉንና እጣኑን አስረክባ ወጣች።

በዘጠኝ ሰዓት ጡሩምባ ተነፋ። ገበያው በር ላይ ወታደሮች ሰዉን እየገፉ አሰለፉት፤ ሹሙ በቅሎው ላይ እንዳለ ንግግር አደረገ፤ ሁለት ሰዎች መሰላል ይዘው ሰሌዳውን ቸነከሩ። የብርጓልን ከሰሌዳው ሥር አቆሟት። ፍሥሐ ሲያነብ ስሙ ላይ ሲደርስ ጧት ከጻፈው ጋር እንደማይገጥም አስተዋለ፤ ወደ እሷ መለስ ብሎ አየና ያገኘውን አነበበ። «ደምለው» ሲል ሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። የገደለው ወታደር ከሹሙ በስተግራ፣ ሦስተኛው ላይ ነበር፤ የብርጓል ሰው ዓይኑን ከሱ ሲያሸሽ አይታ ለየችው። ልጅ እግር ነው፤ ጺሙ ገና በደንብ አላበቀለም። ትልቅ ሰው አድርጋ ስላሰበችው ይህን ማየቷ አናደዳት። ሕዝቡ መሬት መሬቱን ያያል። በርበሬ ነጋዴዎቹ ከኋላ ሆነው መቼ ነው የሚለቁን እያሉ ያንሾካሹካሉ።

«ሹሙ የምትናገሪው ካለ ተናገሪ ይሉሻል» አላት ፍሥሐ። ምስጋና እንደሚጠብቁ ከፊታቸው ይታወቃል።

የብርጓል ምንም ልትናገር አስባ አልነበረም። ከፊት ረድፍ አመተ ሥላሴን አየቻት፤ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ቀጥ ብላ ቆማለች። ከአመተ ሥላሴ ኋላ መሪጌታ ቆመዋል።

«ነገ የደምለው ተዝካር ነው» አለች። ድምፅዋ ስለደከመ ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ። «ጠላም ዳቦም አለ። ያን ረቡዕ በግ ተራ ላይ ያየ ሰው መጥቶ ይብላ። ያላየ ይቅር።»

ነፋሱ የሰሌዳውን ጥግ ሲያንኳኳው ተሰማ። ሹሙ ምን አለች ብሎ ወደ ፍሥሐ ጎንበስ አለ። ፍሥሐ ሕዝቡን ለሟቹ ድግስ ጠራች አለው፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ሹሙ ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ፤ እንዲህ ያለ መንግሥቱን የሚወድ ቤተሰብ ማየት መልካም ነው የሚል ነገር ተናገረና በቅሎውን አዞረ። ሰልፉ ተበተነ። ማንም ወደ እሷ አልመጣም። ከትንሽ ጊዜ በኋላ አንዱ በርበሬውን በስንት ትለኛለህ ሲል ሰማች፤ ገበያው እንደ ነበረው ቀጠለ። የብርጓል በዚያ መካከል ወደ ቤቷ ስትሄድ አፏን መያዝ ያልቻለች ሞኝ ሴት ሆና ተሰማት። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ።

ወሬ ከሰው እግር ይፈጥናልና ዘሪቱ ሰምታ ጠበቀቻት። ቡኮውን እያሻሸች ነበር፤ እስከ ክርኗ ሊጥ ነው። የብርጓል ስትገባ ቀና አላለችም።

«ሦስት ቁና አይበቃም» አለች።

«ማንም አይመጣም፣ እቴቴ።»

«ይመጣል አላልኩም። አይበቃም ነው ያልኩት።»

የብርጓል መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ ያችን ቁራጭ ወረቀት ከጉያዋ አውጥታ እሳት ውስጥ ጣለቻት። ዘሪቱ እስክትነድ ድረስ አየቻት። «ጧት ያንን ስም ስትሰጪው ልመታሽ ተነሥቼ ነበር» አለች።

«ምነው ተዉኝ ታዲያ?»

«ቢላዋ ይዤ ነበራ።»

ሁለቱም አልሳቁም፤ ግን የብርጓል እጅጌዋን ሰብስባ ከጎኗ ተንበረከከችና አራተኛውን ቁና አብረው ማቡካት ጀመሩ። ስለ ደምለው ትንሽ አወሩ። ልጅ ሳለ ዘሪቱ ፍየሎቻቸውን የጎረቤት ማሳ ላይ ስትለቅ አይቶ ለአባታቸው እንደነገረባት፣ እሷም ተገርፋ ሦስት ቀን እንዳኮረፈችው አወጋቻት። ያኔም ዘበኛ ነበር አለች ዘሪቱ።

እሑድ ጧት ፍትሐቱ ተደርሶ ካህናቱ ወደ ቤቷ እንደገቡ ሌላ ሰው ገና አልነበረም። የብርጓል ባዶውን ግቢ ላለማየት ጓዳ ገብታ ዋንጫ ታጥባለች። የአጥሩ በር ተንኳኳ። አመተ ሥላሴ ናት፤ አፉ የተሸረፈውን ጨምራ ዐሥሩን ዋንጫ በቁና ይዛለች። እንደ ደንቡ «ነፍስ ይማር» አለች። ከዚያ ደፉ ላይ እንደቆመች፣ ቁናውን ሳታወርድ፣ «አይቻለሁ» አለች። የብርጓል እጇ በውኃ እንደራሰ ከጓዳ ወጣች፤ መሪጌታ አካለ ወልድ ከተቀመጡበት ተነሥተው ቁናውን ተቀበሏት፤ እሳቸውም ቆመው በካህናቱ ፊት «እኔም አይቻለሁ» አሉ። ከዚያ ማሬ ከባሏ ጋር መጣች። ወደ ደጀን መንገድ አለብኝ ያለው አናጢ መጣ። የብርጓል የማታውቃቸው፣ ከቁይ መንገድ ሌሊቱን የተነሡ አቧራ የለበሱ ገበሬዎች መጡ። በአጥሩ ማዶ ሁለት ወታደር ቆሞ የሚገባውን ሰው ያያል፤ የሚገባውም ወታደሮቹን አይቶ፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ይገባል። ነፍስ ይማር ይላል። አይቻለሁ ይላል። ይቀመጣል።

ዳቦው ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ፤ ጠላውም አተላው ቀረ። ዘሪቱ በሩ ላይ ቆማ የሚመጣውን ሰው «የሚበላ የለም፣ ይቅርታ አርጉልን» እያለች ትመልስ ጀመር። እሽ ይሏትና አይመለሱም ነበር። እስከ ማታ ድረስ አንድ አንድ እያሉ እዚያው በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ባርኔጣ ያለው ያወልቃል፤ «አይቻለሁ» ይላሉ፤ ከዚያ ምንም ሳይቀምሱ ወደመጡበት ይሄዳሉ።